በሽታው ገና ያልታወቀ ሕመምተኛ፦ የወሎ ሆስፒታል ሠራተኞች ከአደገኛ ተላላፊ በሽታ ራሳቸውን የሚጠብቁበት ዝርዝር መመሪያ

መድኃኒት በተላመደ ቲቢ ታሞ በቦሩ ሜዳ ሆስፒታል የተኛ ሰው በሽታው ታውቆለት፣ ክፍል ተለይቶለት፣ ወደ እርሱ የሚገቡት ባለሙያዎችም ምን አድርገው እንደሚገቡ ተነግሯቸው የሚታከም ሰው ነው። ከእርሱ ይበልጥ የሚያሰጋው ካርድ ለማውጣት በተሰለፈው ሕዝብ መካከል ሦስት ሳምንት የዘለቀ ሳሉን በጋቢው ጫፍ እያፈነ ተራውን የሚጠብቀው ነው፤ እርሱን ያነጋገረችው የካርድ ክፍል ሠራተኛ ማስክ አላደረገችም፣ ከባጃጅ ደግፎ ያወረደው ጥበቃ እጁን አልታጠበም፣ ደም የቀዳለትም የላብራቶሪ ባለሙያ ወረፋውን ለማቃለል ሲጣደፍ መርፌውን መልሶ ከድኖታል። በእኔ እምነት ባለሙያ በብዛት የሚጋለጠው የበሽታው ስም በካርዱ ላይ ከመጻፉ በፊት ባሉት ሰዓታት ውስጥ ነው። ስለዚህ ይህ መመሪያ የሚጀምረው ከማቆያ ክፍሉ ሳይሆን ከግቢው በር፣ እንዲያውም ከዚያ ቀደም ብሎ ነው።

ተረኛ ከመሆንዎ በፊት

የሄፓታይተስ ቢ ክትባትዎን ያጠናቅቁ። ክትባቱ ሦስት ጊዜ የሚሰጥ ሲሆን ሁለተኛው ከመጀመሪያው አንድ ወር በኋላ፣ ሦስተኛው ደግሞ ከመጀመሪያው ስድስት ወር በኋላ ይወሰዳል። አንዱን ወስዶ የቀረውን የረሳ ሠራተኛ ካቆመበት ይቀጥላል እንጂ እንደገና ከአንድ መጀመር አይጠበቅበትም። ክትባቱ ለሐኪምና ለነርስ ብቻ የተመደበ የሚመስላቸው ኃላፊዎች አሉ፤ ነገር ግን በቆሻሻ ከረጢት ወይም በተጠቀለለ አንሶላ ውስጥ በተረሳ መርፌ የሚወጉት የጽዳት ሠራተኞችና ልብስ አጣቢዎች ናቸውና ዝርዝሩ ከእነርሱ ቢጀምር ይሻላል።

ቀለበት፣ የእጅ ሰዓትና አምባር ቤት ይቅር፤ ጥፍር ይከርከም፤ በእጅ ላይ ያለ ቁስል ውሃ በማያስገባ ፕላስተር ይሸፈን። ነፍሰ ጡር የሆነች ወይም የመከላከል አቅሟን የሚያዳክም ሕመም ያለባት ባለሙያ በቲቢና በመሳሰሉት ክፍሎች እንዳትመደብ ለክፍሉ ኃላፊ በምስጢር ልታሳውቅ ትችላለች። ኃላፊውም የፈረቃ ሰሌዳውን ሲለውጥ ምክንያቱን በሠራተኛው ፊት መጥቀስ የለበትም፤ ምስጢሯ የማይጠበቅላት ከሆነ ሁለተኛ አትናገርምና።

እጅን ስለ መታጠብ ብዙ ስለተባለ ማንም የሚያዳምጠው የለም፤ ቢሆንም ጊዜዎቹ አምስት ናቸው፦ ሕመምተኛውን ከመንካት በፊት፣ እንደ ካኑላ (በደም ሥር የሚገባ ቀጭን ቱቦ) ማስገባት ያለ ንጽሕና የሚጠይቅ ሥራ ከመሥራት በፊት፣ የሰውነት ፈሳሽ ሊነካን ከቻለ በኋላ፣ ሕመምተኛውን ከነካን በኋላ፣ እንዲሁም አልጋውንና በዙሪያው ያለውን ዕቃ ከነካን በኋላ። በአልኮል ማሸት ከ20 እስከ 30 ሰከንድ፣ በውሃና በሳሙና መታጠብ ከ40 እስከ 60 ሰከንድ ይወስዳል። እጅ ላይ ደም ወይም ዓይነ ምድር ከታየ አልኮል አይበቃም። ውሃ በፈረቃ በሚመጣባቸው ከተሞች ሮቶው ሞላ ብሎ መተማመን ስለማያዋጣ በየክፍሉ ቧንቧ የተገጠመለት በርሜል ከነሳሙናው ይቀመጥ፤ ማለዳ የሚሞላውም ሰው በስሙ ይመደብ።

በሩ ላይ

መጀመሪያ የሚደረገው ጥያቄ መጠየቅ ነው፤ መጠየቅ ያለበትም ካርድ ከመውጣቱ በፊት ነው። ትኩሳት አለ? ሳሉ ሁለት ሳምንት ሞልቶታል? ተቅማጥና ትውከት፣ ሽፍታ፣ ከድድ ወይም ከአፍንጫ የሚፈስ ደም አለ? ከዚያ ቀጥሎ ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ጥያቄ ይመጣል፦ ላለፉት ሦስት ሳምንታት የት ነበሩ? በወሎ ይህ ጥያቄ ብዙ ያወጣል። አንዱ ከሑመራ ወይም ከመተማ የቀን ሥራ ተመልሷል፤ ሌላው ከጅቡቲ ወይም ከሳውዲ ተነሥቶ በባቲ በኩል ገብቷል፤ ሌላዋ ብዙ ሰው በአንድ ቤት ተጨናንቆ በሚያድርበት ጠበል ወር ሰንብታለች፤ አንዱ ገበሬ በድንገት የሞተ በሬ ገፍፎ አባ ሰንጋ ያመጣው ቁስል እጁ ላይ ይታያል። ቀብር ላይ አስከሬን አጥበው ወይም ገንዘው እንደሆነም ይጠየቁ።

ሳል ያለበት ሰው ወዲያውኑ ማስክ ይሰጠውና አየር በሚነፍስበት በረንዳ፣ ከሌላው ቢያንስ አንድ ሜትር ርቆ ይቀመጥ፤ ተራውም ይቅደም። አነጋገሩ ወሳኝ ነው። «እማማ፣ ይቺን ማስክ ያድርጉልኝ፤ ለእርስዎም ለዚህ ሁሉ ሰውም ትበጃለች» የተባለች እናት በደስታ ታደርጋለች፤ በጣት ተጠቁማ «አንቺ፣ ወደዚያ!» የተባለች ግን በሚቀጥለው ጊዜ ሳሏን ደብቃ ትመጣለች።

በኅዳር 2018 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ማርበርግ የተባለው ደም የሚያፈስ ትኩሳት በደቡቧ ጂንካ መገኘቱ በይፋ ሲገለጽ፣ ጂንካ የት፣ ወሎ የት ያሉ አልጠፉም። ነገር ግን ማርበርግ ወደ ሰውነት ከገባ በኋላ ምልክት እስኪያሳይ ከ2 እስከ 21 ቀን ሊቆይ ይችላል፤ ከደቡብ ጫፍ እስከ ደሴ ያለው የአውቶቡስ መንገድ ከዚህ በጣም ያጠረ ነው። ደግሞም በሽታው ሲጀምር ትኩሳት፣ ራስ ምታትና የጡንቻ ሕመም እንጂ ደም አያሳይም፤ ለተረኛው ባለሙያ ወባ ወይም ታይፎይድ መስሎ ይታየዋል። ከወባው የሚለየው የደም ምርመራ ብቻ ሳይሆን ያ «የት ነበሩ?» የሚለው ጥያቄ ነው።

በሽታው የሚመጣበትን መንገድ መለየት

ስሙ ባይታወቅም መንገዱ ከምልክቱ ይገመታል። ሳልና ክብደት መቀነስ ያለበት ሰው ቲቢ፣ ትኩሳትና ሽፍታ ያለበት ሕፃን ኩፍኝ ሊሆን ስለሚችል ሁለቱም በአየር እንደሚተላለፉ ተቆጥሮ ባለሙያው ኤን 95 የተባለውን አየር የሚያጣራ ማስክ ያደርጋል። ትኩሳትና የአንገት መገተር ያለበት ማጅራት ገትር ሊሆን ይችላልና በቅርብ በሚረጭ ጠብታ የሚተላለፍ ነው፤ ለዚህ ተራው የቀዶ ሕክምና ማስክ ይበቃል። አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት ጓንት፣ ጋውን፣ ቦት ጫማና ክሎሪን ይጠይቃል። ደም የሚያፈስ ትኩሳት ግን ሙሉ ልብስ እስኪለበስ ድረስ ማንም የማይነካው ነው።

እዚህ ላይ ኤን 95 እና ተራ ማስክ እየተቀያየሩ እንደሚደረጉ ደጋግሜ አይቻለሁ። ተራው ማስክ የሕመምተኛው ነው፤ ከአፉ የሚወጣውን ያግዳል። ኤን 95 የባለሙያው ነው፤ ወደ ውስጥ የሚሳበውን ያጣራል። ለሚያስለው ሰው ውድ ነውና ይሻላል ብሎ መተንፈሻ ቀዳዳ ያለው ኤን 95 መስጠት የተበከለውን አየር በቀዳዳው ወደ ክፍሉ መልቀቅ ነው። ኤን 95 ፊት ላይ ካልተጣበቀ ከተራ ማስክ ብዙም አይሻልም፤ ስለዚህ ካደረጉት በኋላ በሁለት እጅ ሸፍነው በኃይል ይተንፍሱና አየር በጎን ወይም በአፍንጫ በኩል እንደሚወጣ ይፈትሹ። ጢም ይህን መጣበቅ ያበላሸዋል። ጢሙን በሃይማኖት ምክንያት የማይላጭ ባልደረባ ካለ አይገደድም፤ በአየር በሚተላለፉ በሽታዎች ክፍል ሳይሆን በሌላ ይመደባል።

ስለ ግርሻ፣ ማለትም እየለቀቀ ስለሚመለሰው ትኩሳት፣ እና ስለ ተስቦ ለብቻው ልናገር፤ መጻሕፍት በአንድ መስመር ያልፉታልና። በደጋው ብርድ አንድ ልብስ ለረጅም ጊዜ በሚለበስበት፣ ብዙ ሰውም ተጠጋግቶ በሚያድርበት ሁሉ የልብስ ቅማል አለ፤ ሁለቱም በሽታዎች የሚመጡት በእርሱ ነው። የግርሻ ተሕዋስ ሰውን የሚይዘው ቅማሉ በመንከሱ ሳይሆን ሲጨፈለቅ በሚፈሰው ፈሳሽ፣ በተቧጨረ ቆዳ በኩል ነው። ተስቦ ደግሞ በቅማሉ ኩስ ይተላለፋል። ስለዚህ ከልጅነት የለመድነው ቅማልን በሁለት ጥፍር መካከል ጠጭ ማድረግ ለባለሙያ ክልክል ነው። ልብሱ በጓንት ይውለቅና ሳይራገፍ ወደ ከረጢት ይግባ፤ ከዚያ ይቀቀል ወይም በጋለ ካውያ ይተኮስ፤ ሁለቱም ካልተቻለ ከረጢቱ በጥብቅ ታስሮ ሳምንት ከዚያም በላይ ይቀመጥ፤ ቅማል ከሰው ሰውነት ተለይቶ ያን ያህል አይኖርም።

መስኮቱ

ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት የጦሳ ተራራ ብርድ እስከ አጥንት ይዘልቃል። በቲቢ ክፍል ውስጥ በጣም ርካሹና ኃይለኛው መከላከያ የተከፈተ መስኮት መሆኑን ሁላችንም ተምረናል፤ ፈተናው ያለው ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ አስታማሚው ተነሥቶ ሲዘጋው ነው። ኮምቦልቻና ቆቦ ሙቀቱ ራሱ መስኮቱን ያስከፍታል፤ ደሴና ደላንታ ግን ሥራ ይጠይቃል።

የክፍሉ አየር በሰዓት ቢያንስ 12 ጊዜ መለወጥ አለበት ይባላል፤ ይህንን በማሽን ሳይሆን በተፈጥሮ ነፋስ ለማግኘት በር ወይም መስኮት በተቃራኒ ግድግዳዎች በኩል በአንድ ጊዜ መከፈት ይኖርበታል። አንድ መስኮት ብቻ መክፈት አየሩን ያነቃንቀዋል እንጂ አያስወጣውም። በሩም ወደ ኮሪደር የሚከፈት ከሆነ ተዘግቶ ይቆይ፤ አለበለዚያ አየሩ ወደ ሌሎቹ ሕሙማን ይሄዳል። ባለሙያው ሲቀመጥ ንጹሑ አየር ከጀርባው ገብቶ በሕመምተኛው በኩል እንዲወጣ ወንበሩን ያስተካክል፤ የወንበሩን ቦታ መለወጥ ምንም ወጪ የለውም። ለብርዱ መፍትሔው መስኮቱን መዝጋት ሳይሆን አልጋውን ከነፋሱ መስመር ማሸሽና ተጨማሪ ብርድ ልብስ መስጠት ነው፤ ብርድ ልብስ ከሌለ ቤተ ሰብ ጋቢ እንዲያመጣ ሲገባ ይነገረው። ከሰል አያይዞ ክፍሉን መዝጋት ግን ከቲቢው በፊት የሚገድል ስለሆነ ፈጽሞ አይፈቀድ። አክታም በክፍል ውስጥና በመጸዳጃ ቤት ሳይሆን ውጭ፣ ፀሐይ ላይ፣ ከሰው ርቆ ይሰጥ።

መልበስና ማውለቅ

ሙሉ መከላከያ የሚለበሰው ንጹሕ በሆነ ቦታ፣ እየተመለከተ በሚያርም ባልደረባ ፊት ነው። ተረጋግተው እጅዎን ያጽዱ፤ የመጀመሪያውን ጓንት፣ ጋውኑን ወይም ሙሉ ቱታውን፣ ማስኩን፣ መነጽሩን ወይም የፊት መሸፈኛውን፣ የራስ መሸፈኛውን፣ የፕላስቲክ ኤፕረኑን፣ በመጨረሻም በእጅጌው ላይ የሚወጣውን ሁለተኛ ጓንት በዚሁ ቅደም ተከተል ያድርጉ። ቦት ጫማው ከሁሉ በፊት ነው። ባልደረባዎ ስምዎንና የገቡበትን ሰዓት በኤፕረኑ ላይ ይጻፍ፤ በሙቀት ውስጥ ከአንድ ሰዓት በላይ አይቆዩ፤ ላብ መነጽሩን ሲጋርደው እጅ ሳይታዘዝ ወደ ዓይን ይሄዳል።

መልበስን ሁሉም ያውቃል። አደጋው ማውለቁ ላይ ነው፤ የልብሱ ውጪ ተበክሏል፣ ባለሙያው ደክሟል፣ ሥራው ያለቀ መስሎታል። እኔ ራሴ በኮቪድ ወቅት፣ በአንድ ተቋም የሌሊት ፈረቃ ጨርሼ ስወጣ ስልኬ ሲጮኽ ጓንቴን ሳላወልቅ ማስኬን ከፊት ለፊት ይዤ ወደ ታች ስቤዋለሁ። ባልደረባዬ ጮኸችብኝ፤ የሚያሳፍረው ግን ሥርዓቱን ለሌሎች የማስተምረው እኔ መሆኔ ነበር። ከዚያ ወዲህ ስልክ ከልብስ መለወጫው ክፍል አያልፍም። የማውለቁ ሥርዓት ይህ ነው፤ ተመልካቹ ድምፁን ከፍ አድርጎ አንድ በአንድ ያንብበው፣ ባለሙያውም ሳይቀድመው ይከተል።

1. ጓንት ያጠለቁትን እጆች ያጽዱ። በሚታይ ቆሻሻ የተበከለ ቦት ጫማ እዚሁ ይታጠብ።
2. ኤፕረኑን ወደ ፊት ጎንበስ ብለው፣ ውጪው ወደ ውስጥ እየተጠቀለለ ያውልቁ፤ እጅ ይጽዳ።
3. የላይኛውን ጓንት ያውልቁ፤ የታችኛው ይቆይ፤ እጅ ይጽዳ።
4. የራስ መሸፈኛውን ከኋላ ወደ ፊት ያውልቁ፤ እጅ ይጽዳ።
5. ጋውኑን ወይም ቱታውን ሳያራግፉ ከውስጥ ወደ ውጭ እየገለበጡ ያውርዱ፤ እጅ ይጽዳ።
6. መነጽሩን ዓይን ጨፍነው ከራስ ኋላ ባለው ማሰሪያ ይሳቡ፤ ፊቱን አይንኩት፤ እጅ ይጽዳ።
7. ማስኩን የታችኛውን ማሰሪያ አስቀድመው፣ ከዚያ የላይኛውን ይፍቱ፤ እጅ ይጽዳ።
8. ቦት ጫማውን በእጅ ሳይነኩ ያውልቁ፤ እጅ ይጽዳ፤ በመጨረሻ የታችኛውን ጓንት አውልቀው እጅዎን በሚገባ ይታጠቡ።

በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ብዙ የወሎ ጤና ተቋማት ንብረታቸውን ካጡ በኋላ ዕቃ ማብቃቃት የሁላችን ሙያ ሆኗል። ኤን 95 ካልራሰ፣ ካልቆሸሸና መጣበቁ ካልላላ በአንዱ ባለሙያ ተደጋግሞ ሊደረግ ይችላል፤ በወረቀት ከረጢት ስም ተጽፎበት ይቀመጥ፤ በፌስታል ከታሰረ ይልመሰመሳል። ጓንት ግን ታጥቦ ከአንዱ ሕመምተኛ ወደ ሌላው አይሻገርም። ዕቃው በጣም ካነሰ አክታ ለሚስቡ፣ ቱቦ ወደ መተንፈሻ ለሚያስገቡና በተላመደ ቲቢ ክፍል ለሚውሉ ይቅደም።

መርፌ

መርፌ አይከደንም፣ አይታጠፍም፣ ከእጅ ወደ እጅ አይቀበሉትም። ሴፍቲ ቦክሱ (ያገለገለ መርፌ የሚጣልበት ሣጥን) ክንድ በሚደርስበት ርቀት ይቀመጥ፤ ሦስት አራተኛ ሲሞላ ይዘጋ፤ ሞልቶ እየተገፋ የሚጨመርበት ቦክስ ራሱ ወጊ ይሆናል። ከታመመ ሰው በተወሰደ መርፌ አንድ ጊዜ መወጋት ላልተከተበ ሰው የሄፓታይተስ ቢ ዕድሉ እስከ 30 በመቶ ሲደርስ፣ የኤች አይ ቪው 0.3 በመቶ ገደማ ነው። ሠራተኛው የሚፈራው ግን ሁለተኛውን ብቻ ነው።

ክሎሪን

በረኪና በአቦ ሰጡኝ የሚቀላቀል አይደለም። ቀመሩ ቀላል ነው፦ በጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን መቶኛ ለሚፈልጉት መቶኛ ያካፍሉ፣ ከዚያ አንድ ይቀንሱ፤ የሚገኘው ለአንድ እጅ በረኪና የሚጨመረው የውሃ መጠን ነው። 5 በመቶ በረኪናን ወደ 0.5 ለማምጣት 5 ሲካፈል ለ0.5 አሥር ይሆናል፤ አንድ ሲቀነስ ዘጠኝ፤ ስለዚህ አንድ ጣሳ በረኪና ለዘጠኝ ጣሳ ውሃ። 70 በመቶ የሆነ የክሎሪን ዱቄት ካለ ለ0.5 በመቶ በሊትር 7 ግራም ገደማ ይበቃል። ደምና የደም ንክኪ ያለበት ወለል በ0.5 በመቶ ይጸዳል፤ በአተት ማዕከል ደግሞ ትውከትና ዓይነ ምድር በ2 በመቶ፣ ወለል በ0.2 በመቶ ይታከማል፤ ሳሙና ከጠፋ ለእጅ 0.05 በመቶ ይሆናል። ሁለት በመቶውን አንድ ጊዜ አዘጋጅቶ አንድ ሊትሩን በዘጠኝ ሊትር ውሃ ማቅጠን 0.2ን፣ በ39 ሊትር ማቅጠን 0.05ን ይሰጣል፤ ባልዲዎቹ ላይ ግን በትልቁ ይጻፍባቸው።

የፈሰሰ ደም መጀመሪያ በሚመጥ ጨርቅ ይነሣ፣ ከዚያ በሳሙና ይታጠብ፣ ከዚያ ክሎሪኑ ፈስሶበት 10 ደቂቃ ይቆይ። ቆሻሻው ላይ በቀጥታ የፈሰሰ ክሎሪን አቅሙን በቆሻሻው ላይ ይጨርሳል። ውሁዱ በየቀኑ አዲስ ይዘጋጅ፣ ፀሐይ አይንካው፣ ከአሲድና ከሌላ የጽዳት ኬሚካል ጋር አይቀላቀል፤ የሚወጣው ጋዝ ሳንባን ይጎዳል። ሰው ላይ በፓምፕ መርጨትም ለሕመምተኛውም ለሠራተኛውም ጉዳት እንጂ ጥቅም የለውም።

አስታማሚ፣ ጠያቂና አስከሬን

የወሎ ሕመምተኛ ብቻውን አይመጣም። የቅሬው (የአካባቢው መረዳጃ ማኅበር) ሰው ተሰብስቦ ሊጠይቅ፣ ዱዓ ሊያደርግ፣ ወይም ጠበል ይዞ ሊገባ ይፈልጋል፤ ይህን በጥበቃ ዱላ መመለስ አይቻልም፣ ቢቻልም አይገባም። ለአንድ ሕመምተኛ አንድ አስታማሚ ይመረጥ፤ እጅ መታጠብና ማስክ ማድረግ በእጅ ይታይለት፤ የቅሬው ሽማግሌ ተጠርቶ ምክንያቱ ይነገረው፤ ለሰዎቹ እርሱ ያስረዳቸዋል። ጠያቂው በመስኮት በኩል ከውጭ ቆሞ ፊት ለፊት ቢያነጋግር ብዙው ቁጣ ይበርዳል።

በማርበርግ ወይም በመሰለ በሽታ የሞተ ሰው አስከሬን እጅግ ተላላፊ ነው፤ ስለዚህ አይታጠብም፣ አይሳምም፣ በቤተ ሰብም አይገነዝም። ለሙስሊም ቤተ ሰብ ሼሁ ባሉበት ትጥበቱ በተየሙም (በውሃ ፈንታ በንጹሕ አፈር በሚደረገው ማንጻት) እንዲተካ፣ ይህም በሠለጠነ ሰው በጓንት እጅ ከከረጢቱ በላይ እንዲፈጸም መነጋገር ይቻላል፤ ለክርስቲያኑም ካህኑ ርቀው ቆመው ፍትሐቱን ያደርሳሉ። ንግግሩ ከሞቱ በኋላ ሳይሆን ሕመሙ ሲጠና ቢጀመር ይቀላል። ነጭ ከረጢት ከተገኘ ደግሞ ከጥቁሩ ይመረጥ፤ ለከፈን (ለመገነዣው ጨርቅ) ይቀርባልና።

ከተጋለጡ በኋላ

የተወጋውን ቦታ ወዲያውኑ በውሃና በሳሙና ይታጠቡ፤ አይጭመቁት፣ በረኪናም አያፍስሱበት። ዓይን ውስጥ የገባ ፈሳሽ በንጹሕ ውሃ ለ15 ደቂቃ ይታጠብ። ከዚያ ፈረቃው እስኪያልቅ ሳይጠብቁ ለክፍሉ ኃላፊ ይንገሩ። የኤች አይ ቪ መከላከያው መድኃኒት በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ቢጀመር ይመረጣል፤ ከ72 ሰዓት በኋላ ግን አይጀመርም፤ ከተጀመረ 28 ቀን ይወሰዳል። የሕመምተኛውን ውጤት እየጠበቁ መዘግየት አይገባም፤ ነጻ መሆኑ ሲረጋገጥ ማቆም ይቻላልና። መድኃኒቱ በሌሊት የት እንደሚገኝ፣ ቁልፉም በማን እጅ እንደሆነ ተረኛው ሁሉ ሊያውቅ ይገባል፤ ጠዋት እስኪከፈት የሚጠበቅ ቁም ሣጥን እንደሌለ ይቆጠራል።

በመዝገቡ ላይ ቀኑና ሰዓቱ፣ የሥራው ዓይነት፣ የነካው ፈሳሽና የሰውነት ክፍል፣ ተደርጎ የነበረው መከላከያ፣ የተሰጠው ሕክምና ይጻፍ። «ጥፋተኛው ማን ነው» የሚል ዓምድ አይኑረው፤ ካለ ማንም አይመዘገብም። ለማርበርግ እስካሁን የጸደቀ ክትባት ስለሌለ የተጋለጠ ሠራተኛ ለ21 ቀን ጠዋትና ማታ የሰውነት ሙቀቱን ለራሱ ብቻ በተሰጠው መለኪያ ይለካል፤ ትኩሳት ካየ ወደ ሥራ ወይም ወደ ታክሲ ሳይሆን ወደ ተሰጠው ስልክ ይደውላል፤ ካላየ በ21ኛው ቀን ማታ የመጨረሻውን ልኬት አስመዝግቦ ፎርሙን ፈርሞ ይመልሳል።